ጎንደርን የጻፏት፣ ጎንደርን የፈለጓት

የጎንደር ታሪክ በ1636 ይጀምራል የሚል ሰው የከተማዋን ልደት እንጂ የአገሩን ዕድሜ አልነገረንም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ 1636 ማለት በእኛ 1628 ዓ.ም. ነው።) አንገረብና ቀሐ ከግራና ከቀኝ ከሚያቅፏት ኮረብታ በስተሰሜን ወገራ፣ ከወገራ ወዲያ ስሜን፣ በስተደቡብ ደግሞ እስከ ጣና የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ይገኛል። ይህ አገር አፄ ፋሲል ግንባቸውን ከማቆማቸው 300 ዓመት ቀድሞ ብራና ላይ ሰፍሯል።

በአፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ ንጉሡ በ1332 ገደማ ከይፋት ጋር ጦርነት ላይ ሳሉ፣ በስሜን፣ በወገራ፣ በጸለምትና በጸገዴ ያመፁትን የሚወጋ ጦር ከበጌምድር ሲያዝዙ እናነባለን። ነገሩ በጥቂት መስመር ያልቃል። ሆኖም የዚያ አገር አይሁድ የሚባሉትን የቤተ እስራኤልን የጥንት ታሪክ የሚፈልግ ሁሉ ከእነዚያ መስመሮች መነሣቱ አይቀርም። አንድ ምዕት ዓመት ቆይቶ አፄ ይስሐቅ (1414–1429) ወገራ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ቆሶጌ ላይ ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ ይባላል። ቆሶጌ ዛሬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ የሚያልፍባት ሥፍራ ናት። ይኸኛው ወሬ በኋላ ዘመን ጽሑፍና በአፈ ታሪክ የቆየ ስለሆነ ጠንቃቃ ተመራማሪ «ይባላል»ን አይጥላትም።

ዘመኑ ወደ እኛ ሲቀርብ ጽሑፉም እየረዘመ ይመጣል። አፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) የመንግሥቱን ልብ ከሸዋ ወደ ጣና ሰሜን ያዞሩት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ዜና መዋዕላቸው በ1579ና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስሜን ላይ ከቤተ እስራኤሉ መሪ ከራድኢና ከወገኖቹ ጋር ያደረጉትን ጦርነት በዝርዝር ይተርካል፦ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ከላይ የሚንከባለል ድንጋይ፣ ብርድና ጉም። ጸሐፊው የንጉሡ ሰው ነው፤ ለጠላት አያዳላም። ግን አንዲት የተማረከች ሴት፣ እጇ ከታሰረበት ወታደር ጋር ራሷን ወደ ገደል እንደወረወረች ሲጽፍ አድናቆቱን መደበቅ አቅቶታል። የስሜን ሰዎች የራሳቸውን ነገሥታት ታሪክ የጻፉበት መጽሐፍ ስላልተገኘ፣ ዛሬ ስለ እነሱ የምናውቀውን አብዛኛውን የነገረን ይኸው የጠላታቸው ጸሐፊ ነው። ጆሴፍ አሌቪ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ይህን ክፍል ለይቶ በ1907 አሳተመው።

እንፍራዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል ከሚያይ ጉብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብም በሠርፀ ድንግል ስም ይጠራል። ይህን ግንብ ልብ በሉት፤ ወደ መጨረሻው ሌላ ክርክር ይዞ ይመለሳል።

ከዚያ አፄ ሱስንዮስ መጡ። ጎርጎራ፣ ደንቀዝ፣ አዘዞ፦ ሦስቱም ከዛሬዋ ጎንደር የአንድ ወይም የሁለት ቀን መንገድ እንኳ አይርቁም። ንጉሡ ካቶሊክ ሆኑ፤ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንም ከወንጌሉ ሌላ ግንበኛ አስከትለው መጡ። በ1620ዎቹ መጀመሪያ ከህንድ የመጣ ባለሙያ ኖራ የሚወጣው ድንጋይ አገሩ ውስጥ መኖሩን አወቀ፤ ከዚያ ወዲያ በጭቃ ሲቆም የኖረው ግድግዳ በኖራ ይያዝ ጀመር። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ከኖራው የሚበልጠው ሁለት ወገን በአንድ ጊዜ መጻፉ ነው። በቤተ መንግሥቱ በኩል አባ ምሕርካ ድንግል የጀመሩትን የሱስንዮስ ዜና መዋዕል አዛዥ ጢኖ ቀጠሉት። በሚሲዮናውያኑ በኩል ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 ጎርጎራ ላይ ከመሞቱ በፊት ሰፊ የኢትዮጵያ ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ ጽፎ ጨረሰ። የፓኤዝ መጽሐፍ ሳይታተም ወደ 300 ዓመት ተኝቶ በ1905 ነው ለኅትመት የበቃው። አንዱን ጦርነት በግእዝ አንብቦ ወዲያው በፖርቱጋልኛ ማመሳከር መቻል ለዚያ ዘመን አጥኚ እምብዛም የማይገኝ ዕድል ነው፤ ሁለቱ በተጋጩበት ሁሉ የሚገለጥ ነገር አለና።

የሃይማኖቱ ጦርነት ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 ለልጃቸው ለፋሲል ዙፋኑን ለቀቁ። ፋሲል የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። በ1636 ጎንደርን ከተሙ። ሕዝቡ ስለ መመሥረቷ ብዙ ያወራል፦ ንጉሡ ጎሽ ሲያሳድዱ ከኩሬ አጠገብ ባሕታዊ አገኙ ይላል፤ ስሟ በ«ጎ» የሚጀምር ቦታ ትንቢት ተነግሮላት ነበር ይላል። ዜና መዋዕሎቹ ግን ዝምተኞች ናቸው። አጫጭሮቹ ታሪኮች ነገሩን ባለፍ ገደም አንሥተው ወደ ጦርነቱ ይሄዳሉ። ለጸሐፊዎቹ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ንጉሥ ክረምት የሚከርምበትን ቦታ መምረጡ የየዓመቱ ወግ ነው። ፋሲል የመረጧት ኮረብታ ከ200 ዓመት በላይ መናገሻ ሆና እንደምትቆይ ያኔ ማን ያውቃል?

ለዚህ ነው ስለ ፋሲል ግንብ የመጀመሪያው ወግ ያለው ምስክርነት ከውጭ ሰው የተገኘው። ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የተባለ የየመን ኢማም መልእክተኛ በ1648 ጎንደር ደርሶ ነበር። ኢማሙ «ንጉሡ ይሰልም ይሆናል» ብሎ ተስፋ አድርጎ ላከው፤ ፋሲል ደግሞ የፈለጉት የንግድ መንገድ ነበር። ስለዚህ መልእክተኛው በጉዳዩ አዝኖ፣ በግንቡ ግን ተደንቆ ተመለሰ። በድንጋይና በኖራ የታነጸውን ቤተ መንግሥት ሲገልጽ የሠራው ሰው ህንዳዊ እንደነበረ ይናገራል። ከሱ በኋላ የመጡ አውሮፓውያን ግን ለረጅም ጊዜ «ይህ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው» ሲሉ ኖሩ፤ እስከ ዛሬም የሚደግመው አለ። ዓመቱን ብቻ ቢቆጥሩ በበቃ ነበር፦ ኢየሱሳውያኑ የተባረሩት ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ነው። ከእነሱ ዘመን የተረፈ ሙያና ባለሙያ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የህንድ፣ የፖርቱጋልና የአገሬው እጅ ግድግዳው ላይ ተቀላቅሏል።

በአፄ ዮሐንስ አንደኛ (1667–1682) ዘመን ከተማዋ ትልቅ ሆና ስለነበር ጸሐፊዎቹም ስለሷ መጻፍ ጀመሩ። የ1668 ጉባኤ እስላሙን ከክርስቲያኑ ለይቶ እንዲሰፍር ሲወስን፣ ከቀሐ ወንዝ በኩል የቆረቆሩት ሠፈር በኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። በልጃቸው በታላቁ ኢያሱ ዘመን ጸሐፌ ትእዛዝነት ማዕረጉ ከፍ አለ። ሐዋርያ ክርስቶስ፣ ከሱ ቀጥሎ ዘወልድ፣ በአፄ በካፋ ዘመን ደግሞ ሲኖዳ፣ እየተቀባበሉ ጻፉ። ሲኖዳ ከሁሉም የሚለይ ብዕር አለው፤ የንጉሡን ቁጣና ድብቅ ጉዞ ሲጽፍ አንባቢውን ትንፋሽ ያሳጥራል።

እነዚህ ሰዎች ዘመን የሚቆጥሩበት መንገድ ለኋላ ተመራማሪ ራስ ምታት ሆኗል። ዓመቱን በዓመተ ዓለም፣ በነገሡበት ዘመን ስንተኛነትና በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠሩታል፤ ቀኑን በፀሐይም በጨረቃም ይሰጡታል። ከዓመተ ዓለም 5500 ሲቀነስ ዓመተ ምሕረት ይገኛል፦ 7128 የሚል ብራና 1628 ይሆናል። ዓመቱ መስከረም ላይ ስለሚብት አንዱ የእኛ ዓመት ሁለት የፈረንጅ ዓመት ይነካል፤ ወሩ ካልተጻፈ 1635 ይሁን 1636 መለየት አይቻልም። ታዲያ «ዘመነ ሉቃስ» ተብሎ ከተጻፈው ጋር ስሌቱ ሳይገጥም ሲቀር ወይ ጸሐፊው ወይ ገልባጩ ተሳስቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ገልባጩ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 መጥቶ ኢያሱን አክሞ ሄደ፤ ያተመው መጽሐፍ ቀጭን ነው። ሰፊውን የጻፈው ከ70 ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነበር።

ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ሲገባ ከተማዋ ክፉ ሰሞን ላይ ነበረች። ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገድለው ሌላ ንጉሥ ካነገሡ ዓመት አልሞላም። እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን አጥተው በቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው ተቀምጠዋል። በዚያ ላይ ፈንጣጣ ገብቷል። ብሩስ በቁስቋም የታመሙትን ልጆች አስታመመ፤ በዚህም የእቴጌይቱንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ቤት ተወዳጀ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ሰው፣ ምንጩን ካየ በኋላ እንኳ ለወራት ጎንደር ተቀምጦ መጻሕፍት አስገለበጠ፣ ገዛ፣ በስጦታም ተቀበለ። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ ክብረ ነገሥትንና መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ወጣ። አውሮፓ ጠፍቷል ብላ ተስፋ የቆረጠችበት ሄኖክ ሙሉው በግእዝ ተገኘ፤ በ1821 ኦክስፎርድ ያለው ሪቻርድ ሎሬንስ በእንግሊዝኛ ተረጎመው። የብሩስ ብራናዎች ዛሬ አብዛኞቹ እዚያው ኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በ1790 የታተሙት የብሩስ አምስት ቅጾች ሲወጡ ለንደን ሳቀችበት። ጥሬ ሥጋ ስለመብላት የጻፈውን ማንም አላመነውም፤ እኛ ደግሞ የምንስቀው ባላመኑት ነው። የሚያስወቅሰው ሌላ ነው፦ አብሮት የመጣው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስ ግን የሰውየውን ድርሻ ከመጽሐፉ ደምስሶ ሥዕሉን የራሱ አደረገው። ይህን የመሰለ ሰው ስለ ቤተ መንግሥቱ ሽንገላ የጻፈውን ሁሉ እንዳለ መቀበል ያስቸግራል። እንደ ዕድል፣ የዚያኑ ጊዜ የግእዙ ዜና መዋዕልም ስላለ ማመሳከር ይቻላል፤ ሲመሳከር ደግሞ ብሩስ ጠላቶቹ ካሉት በላይ እውነተኛ፣ እሱ ራሱ ካለው በታች ጀግና ሆኖ ይገኛል።

ለኔ ግን የጎንደር ታሪክ የመጀመሪያው ተመራማሪ ብሩስ አይደለም። ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ ናቸው። ደጃዝማች ኃይሉ ከእቴጌ ምንትዋብ ወገን የተወለዱ መኳንንት ናቸው፤ ዘመነ መሳፍንት ሲጀምር የወገናቸው ሥልጣን ተሰብሮ ሲወድቅ በዓይናቸው አይተዋል። በ1785 ገደማ በየቦታው የተበታተኑትን ዜና መዋዕሎች አሰባስበው፣ ጸሐፊ ቀጥረው፣ በቅደም ተከተል አስገለበጡ። በአንዱ የጎደለውን ከሌላው ሞሉ፤ አጭሩን ታሪክ ከረጅሙ ጋር አያያዙ። ንጉሥ አላዘዛቸውም፤ በዚያን ጊዜ የሚያዝዝ ንጉሥም አልነበረ፣ ጎንደር ላይ ስሙ እንጂ። ሥራቸው ዛሬ ምንጭ መሰብሰብና ማመሳከር የምንለው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳይኖር፣ በራስ ገንዘብ፣ ከተማው በየክረምቱ ባለቤት እየቀየረ። ኋላ ወደ አውሮፓ የሄዱትና የታተሙት የጎንደር ዘመን ታሪኮች ብዙዎቹ የሄዱት በሳቸው ስብስብ በኩል ነው።

ይህን ስብስብ ወደ አውሮፓ ያሻገሩት ደግሞ ሊቅ አጽቁ ናቸው። በ1832 ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰው፣ ወፍና እንስሳ እየሰበሰበ፣ ጎንደር ደረሰ። ታሪክ እንደሚፈልግ ሲያወራ ያገናኙት ከሊቅ አጽቁ ጋር ነበር፤ ዳኛ ናቸው፣ መጽሐፍ አዋቂ ናቸው፣ የትኛው ብራና ማን ቤት እንዳለ ያውቃሉ። የደጃዝማች ኃይሉን ስብስብ ግልባጭ አገኙለት። ሩፔል በ1838ና በ1840 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የነገሥታቱን ተራ አስገባ፤ ብራናዎቹን ለተወለደባት ለፍራንክፈርት ከተማ ሰጠ። አንቷን ዳባዲም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጥቶ ለዓመታት ተቀመጠ፤ የሰበሰባቸው 234 ብራናዎች ዝርዝር በ1859 ታተመ፣ መጻሕፍቱ ፓሪስ ናቸው። በነዚህ የፈረንጅ መጻሕፍት መቅድም ላይ የጎንደሬዎቹ ስም ይጠቀሳል፤ ርዕሱ ላይ ግን አይገኝም።

ከዚያ መከራው መጣ። አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን ካህናት አይወዱም፤ ካህናቱም እሳቸውን። በ1866 ከተማዋን አስዘረፉ፣ አቃጠሉ። ከአርባ አራቱ ታቦት ከጥቂቶቹ በቀር ቤተ ክርስቲያኖቹ ነደዱ። መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅዱሳቱን ወደ ደብረ ታቦር፣ ኋላም ወደ መቅደላ አጋዙ፤ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ደብር ሊሠሩለት አስበው ነበር። ስለዚህ በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር፣ የጎንደር ቤተ መጻሕፍት ተሰብስቦ ጠበቀው ማለት ነው። ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጓጓዘ። ሪቻርድ ሆምዝ የሚባል የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ከጦሩ ጋር የመጣው ለዚሁ ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለሙዚየሙ ገቡ፤ ዊልያም ራይት ዝርዝራቸውን በ1877 አሳተመ።

ከተወሰደው ሁሉ የጎንደርን ታሪክ የሚያህል አንድ ሥዕል አለ፤ ኩርዓተ ርእሱ። የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ነው፤ ነገሥታቱ ይዘውት ይዘምቱ፣ መኳንንቱ በሱ ፊት ይማማሉ ነበር። አፄ ኢያሱ ዳግማዊ በ1744 ስናር ላይ ሲሸነፉ ተማርኮ ነበር፤ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። በመቅደላ ሆምዝ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ ያዘው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ሁለት ነገር ለመኑ፦ ክብረ ነገሥትና ኩርዓተ ርእሱ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉን ግን አላገኘነውም ተባለ፤ ሆምዝ ቤት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ።

በ1888 የሱዳን መሐዲስቶች በአቡ አንጃ መሪነት ጎንደር ገቡ። ቴዎድሮስ የተዉትን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ የጎንደር ሰው ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ያየ ሁሉ ከሌሎቹ ጋር ምን እንደነደደ ከዚያ መገመት ይችላል።

የሚገርመው ጎንደር ፍርስራሽ ሆና በቆየችበት በዚያው ዘመን ታሪኳ በአውሮፓ ማተሚያ ቤቶች መታየቱ ነው። ረኔ ባሴ አጭሩን ዜና መዋዕል በ1882 ፓሪስ ላይ፣ ፔሬይራ የሱስንዮስን ከ1892 ጀምሮ ሊዝበን ላይ፣ ኮንቲ ሮሲኒ የሠርፀ ድንግልን በ1907 አሳተሙ። ኢኛትስዮ ጉዊዲ ከ1903 ጀምሮ የዮሐንስን፣ የኢያሱንና የበካፋን፣ ቀጥሎም የኢያሱ ዳግማዊንና የኢዮአስን አወጣ። ጉዊዲ አማርኛውን ሮም ከተቀመጡት ከደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ጋር እየሠራ ነው ያዳበረው። በአገር ቤት በኩል የበጌምድሩ ተወላጅ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በርሊን ሄደው እያስተማሩ የውጭውን መጻሕፍት አዩ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የሚለው ሥራቸው በ1922 ታተመ። ኋላ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ከአፄ ልብነ ድንግል እስከ አፄ ቴዎድሮስ ያለውን ታሪክ በቀላል አማርኛ ሲያቀርቡ፣ የአገሬው ተማሪ የጎንደርን ነገሥታት ያለ ግእዝና ያለ ላቲን ማንበብ ቻለ።

1932ን ግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን በዚያ ክረምት ጎንደር መጥቶ በጣሊያን ቆንስላ ግቢ ሰፈረ። ሚሼል ሌሪ ስለ ዛር፣ ዲቦራ ሊፍሺትስ ስለ ክታብና ብራና አጠኑ፤ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚም አስተማሪም ሆኑላቸው። ቡድኑ በዮሐንስ አንደኛ ዘመን የተተከለውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ገንጥሎ፣ በምትኩ ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸውን አዳዲስ ቅጂዎች ለጠፈ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሥዕሉ ይጠፋ ነበር ይላሉ። ይሆናል። ጣሪያውን መክደን ግን ሥዕሉን ከመገንጠል ርካሽ ነበር። ሌሪ በ1934 ባሳተመው ማስታወሻው የቡድኑን አሰባሰብ ሳይሸፋፍን በመጻፉ ግሪዮልን አስቆጥቶ ተለያዩ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው፤ በ17ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ የነበረውን የጎንደር አሣሣል ለማጥናት የሚሻ ከዚያ ይጀምራል።

ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ግንቦቹን አደሱ፣ ለኩ፤ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ በ1938 ስለ ጎንደር ግንቦች መጽሐፍ አወጣ። እድሳቱ ሲሚንቶ የበዛበት ስለነበር ለኋለኞቹ አዳሾች ሌላ ሥራ ሆነ። በኅዳር 1941 የጣሊያኑ ጀኔራል ናሲ እዚያው ጎንደር እጁን ሰጠ።

ከነፃነት በኋላ የምርምሩ ማዕከል አዲስ አበባ ሆነ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ከ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ እስከ 18ኛው መጀመሪያ ያለውን፣ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚያ በፊት ያለውን መካከለኛ ዘመን አዲስ መልክ ሰጡት፤ ሁለቱም ግእዙንና የፈረንጁን ሰነድ እኩል የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ። ከ1973 ጀምሮ በየደብሩ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሡ፤ ወደ 9 ሺህ የሚደርሱትን ፊልሞች ከመዘገቡት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1979 ፋሲል ግቢ፣ 900 ሜትር ርዝመት ያለው ቅጥሩና በውስጡ ያሉት ግንቦች፣ ከቁስቋም፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴና ከጉዛራ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የተፈለገው ንጉሡ ነው፦ መቼ ነገሠ፣ ማንን ወጋ፣ ምን አሠራ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር የወንጌሉን ጥቅስ ትቶ ኅዳጉን ማንበብ ያዘ። በጎንደር ደብሮች ወንጌሎች ባዶ ገጾችና ጠርዞች ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ውርስና የዕርቅ ውል ተጽፎ ኖሯል፤ ካህናቱ ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ውል አይካድም ብለው። እነዚህ ማስታወሻዎች ተነሥተው ሲጠኑ ዜና መዋዕሉ ያልጠራቸው ሰዎች ወጡ፤ በተለይ ሴቶች፣ በስማቸው ርስት የሚገዙ፣ የሚሸጡና የሚካሰሱ። በ2000 የታተመው የክራሚ መጽሐፍ የተመሠረተው በነሱ ላይ ነው። ጄምስ ኩሪንም በ1970ዎቹ በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችን ጠየቀ። ግንቦቹን ድንጋይ የጠረበ፣ እንጨት የጠረበ፣ ብረት የቀጠቀጠ ማን እንደሆነ ዜና መዋዕሉ ባይነግረንም ሽማግሌዎቹ አባቶቻቸው እንደነበሩ ያውቃሉ።

መቆፈሪያው የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመራው የማድሪድ ቡድን ከ2006 ጀምሮ አዘዞ ላይ የሱስንዮስን ገነተ ኢየሱስ ቆፈረ፤ ጎርጎራንና ደንቀዝን ለካ፤ ውጤቱን በ2017 በመጽሐፍ አወጣ። የጉዛራም ክርክር እዚህ ላይ ይነሣል፦ የግንቡ አሠራርና ኖራው ከሠርፀ ድንግል ይልቅ ለፋሲል ዘመን ይቀርባል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሌሎች አሁንም በዜና መዋዕሉና በአገሬው ቃል ይጸናሉ። የመጀመሪያዎቹ ካሸነፉ ጎንደርን የቀደመ የግንብ ዘር የሚባለው የጉዛራ ታሪክ ተገልብጦ፣ ጉዛራ የጎንደር ታናሽ ይሆናል።

ባር ክሪቡስ የተባለ እስራኤላዊ አርኪዮሎጂስት ደግሞ ከ2015 ወዲህ የቤተ እስራኤልን መነኮሳት ገዳማት በደምቢያ፣ በወገራና በስሜን ሲፈልግ ቆይቷል። ነዋሪዎቹ ከሄዱ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ጎጆዎቹ ፈርሰው እርሻ ሆነዋል። ስለዚህ ሥራው እስራኤል አገር ከሚኖሩት ቄሶችና ሽማግሌዎች ጠይቆ፣ የነገሩትን ይዞ መጥቶ፣ እዚህ ካሉት ገበሬዎች ጋር ቦታውን መፈለግ ነው። በዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በጥቂት መስመር ያለፈው ወገራ በዚህ መንገድ ቤት በቤት፣ የመቃብር ድንጋይ በመቃብር ድንጋይ እየተመዘገበ ነው።